የመርሻ ድርሻ

ለሞተ ሰው የቀረበ ምሳ ትራፊ ይባላል ወይስ አይባልም? የሺመቤት ይህን ለቄስም ለሐኪምም ጠይቃ አታውቅም። ነገሩ ጥያቄ ሆኖ ልቧ ውስጥ የገባው በዚያ ቅዳሜ ጧት ነው፤ ያውም በቡችላ ምክንያት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትጠይቅ ኖራለች። ምሳ ሲደርስ በሁለት ሰሃን ታቀርባለች። አንዱን ትበላለች። ሁለተኛውን፣ የባሏን የመርሻን፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነውን የቆርቆሮ ሰሃን፣ በሌላ ሰሃን ትከድንና ቡፌው ላይ ታስቀምጠዋለች። ሲነጋ ያንኑ፣ ዳር ዳሩ የደረቀውን፣ ለቁርስ ትበላዋለች። እንግዲህ በዚያ ቤት የሚባክን ነገር አልነበረም፤ መርሻም በሕይወቱ ብክነት አይወድም ነበር።

ልጇ ጸሎት ከሐዋሳ የደወለችው ገና ፊቷን ሳትታጠብ ነው። ጸሎት ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች። ስለ ጉልበቷ ትጠይቃታለች፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቃታለች፤ ስለ አባቷ ግን ከአርባው ወዲህ አንድ ቀን አንስታ አታውቅም። እናትም አታነሳም። ሁለቱ ሲያወሩ መርሻ መሐላቸው እንደተኛ ሰው ነው፤ እንዳይነቃ ድምፃቸውን ቀንሰው በዳር ያልፉታል። ያን ቀን ግን ጸሎት ቆርጣ ነበር የተነሳችው። ከእናቷ ቤት ሦስት አጥር አልፎ ሌባ ገብቶ ቴሌቪዥን ከነጠረጴዛው መውሰዱን ሰምታለች። በዚያ ላይ ባለፈው ሳምንት የሺመቤት ሳታስበው ስለ በሩ መቀርቀሪያ አምልጧት ነግራታለች። ጸሎት ደላላ ማናገሯን፣ ለቤቱ ገዢ እንደማይጠፋ፣ ልጆቿም አያታቸውን እንደሚፈልጉ ለስለስ አድርጋ ከተናገረች በኋላ መጨረሻ ላይ «እማዬ፣ ወይ እስከ ሰኞ ውሻ አስገቢ፣ ወይ ቤቱን ሸጠን እኔ ጋ ነይ» አለቻት። የሺመቤት ውሻ ቀለብ የለውም ወይ ብላ ብትጠይቅ፣ ልጅቷ ሳቅ አለችና ውሻ ምን ቀለብ አለው፣ የሚበላው ትራፊ ነው አለች። ስልኩ ተዘጋ። የሺመቤት ቀና ስትል ዓይኗ ቡፌው ላይ፣ ከተከደነው ሰሃን ላይ አረፈ።

የመቀርቀሪያው ነገር እንዲህ ነው። መርሻ ሠላሳ ዓመት የእርሻ መጋዘን ያዥ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ከሰላሌ ተመድቦ ጂንካ ሲመጣ የሰጡት ነገር ቢኖር አንድ የቁልፍ ዘለላና አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ነው፤ ጡረታ እስኪወጣም ከዚያ መጋዘን አንድ ቁና ዘር አልጎደለም። ማታ ሲወጣ ቁልፉን ይቆልፍና ጓጉንቸሩን ሦስት ጊዜ ይነቀንቀዋል። ሁለቴም አይደለም፣ አራቴም አይደለም። ይህ አመል ቤቱ ድረስ ተከትሎት መጣ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል፤ የግቢውን በር ዘግቶ መቀርቀሪያውን ይሸጉርና ቃ፣ ቃ፣ ቃ ያደርገዋል። የሺመቤት ወጡን የምታወጣው ያን ድምፅ ሰምታ ነው። ሰዎች ውሻ ለምን አታስገቡም ሲሏቸው መርሻ «የዚህ ቤት ውሻ እኔ ነኝ፤ ሁለት ውሻ አንቀልብም» ብሎ ያስቃቸው ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ያንን መቀርቀሪያ የሸጎረ ሰው የለም። ተከራይዋ አሚራ ቤቱ የሌላ ነው ብላ አትነካውም፤ የሺመቤት ደግሞ እጇ አልታዘዝ አላት። በሩ ገርበብ ይላል፣ አንድ ድንጋይ ይደገፋል፣ እንደዚያው ያድራል። እና አመሻሽ ላይ፣ ያችው ሰዓት ስትደርስ፣ የተንጠለጠለው ብረት ቃ፣ ቃ፣ ቃ ይላል። ጸሎት ነፋስ ነው ትላለች። ይሁን፣ ነፋስ ይሁን። የሺመቤት ከልጇ አልተከራከረችም። ነፋስን እስከ ሦስት ብቻ እንዲቆጥር ማን አስተማረው ብላ በልቧ አሰበች እንጂ።

ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። በአሮጌው አውሮፕላን ሜዳ በኩል ነው መንገዷ። ሜዳው ላይ ላሞች ተበትነው ይግጣሉ፤ ባጃጆች በዳር በዳር ይከንፋሉ፤ ከላይ ከተራራው የወረዱ ሴቶች ሙዝና ቆጮ ተሸክመው ወደ ቅዳሜ ገበያ ይጎርፋሉ። እሷ ስትሄድ በጣቷ ትቆጥራለች። የመርሻ ጡረታ ለእሷ ተቀንሶ የሚደርሳት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብር ነው። አሚራ ለሰርቪሷ ክፍል ሁለት ሺህ አምስት መቶ ትከፍላለች። ከሁለቱ ብር የቱ ሕይወቷ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። አንድ እንጀራ ሃያ ብር ገብቷል። ለውሻ በቀን አንድ እንጀራ ቢባል የወሩ ስድስት መቶ ነው፤ ስድስት መቶ ብር ዘይቷ ነው፣ ሽንኩርቷ ነው፣ የመብራቷ ነው። ክትባት አለ፣ ገመድ አለ። እንጀራውን በአጥንት ብንደጉመውስ ብላ በታሪኩ ሥጋ ቤት በኩል ዞረች። ታሪኩ ድሮ አጥንት በሰሃን ሞልቶ በነፃ ይሰጥ የነበረ ሰው ነው። ለውሻ መሆኑን ስትነግረው ቢላዋውን እየሳለ፣ እትዬ የሺ፣ አጥንቱን አሁን በኪሎ የሚገዙት ሰዎች ናቸው፣ ውሾቹ ወረፋ ላይ ናቸው አላት። ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች፤ መንገድ ላይ ስትወጣ ግን ሳቁ አፏ ላይ ቀረ።

ከአጥንቱ ይልቅ የሚያስጨንቃት የአሚራ ነገር ነበር። አሚራ ከወሎ የመጣች፣ መናኸሪያው አጠገብ በአንዲት ኮንቴይነር ልብስ የምትሸጥ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ኪራይ አንድ ቀን ያላሳለፈች ሴት ናት። ግቢው ውስጥ ባለው ጠባብ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ትሰግዳለች። ውሻ የሚገባው እንግዲህ በዚያ በረንዳ በኩል ነው። የሺመቤት ይህን ለመጠየቅ መንገዱን ሁሉ ቃል ስትመርጥ ነው የመጣችው፤ ደርሳ ስታያት ግን ቃሉ ሁሉ ጠፋት። ሱቁ በገበያተኛ ተጨናንቋል። ከበና አገር የመጡ ጎረምሶች አንዱን ከነቴራ አራት ሆነው ይለኩታል። አሚራ ፈገግ ብላ ወንበር ሰጠቻት፣ ውሃ ሰጠቻት፣ ገበያተኞቹ ከነቴራውን ይዘው እስኪወጡ ጠበቀችና እህ አለቻት። የሺመቤት እንደምንም አወጣችው፦ ጸሎት ውሻ አስገቢ ብላኛለች፣ አንቺ ግን በሃይማኖትሽ አይሆንም ካልሽ እኔ እተወዋለሁ። ቤቱን መሸጥ እንደሚመጣ ሳትነግራት ቀረች።

አሚራ የወደቀ ሻርፕ አንስታ አጠፈችው፣ እንደገና ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«እትዬ የሺ፣ የውሻ ምራቅ ልብሴን ቢነካ አንዴ በአፈር፣ የቀረውን በውሃ ሰባት ጊዜ አጥበዋለሁ፤ ያልቃል። ማታ ማታ መቀርቀሪያውን የሚያንቋቋውን ግን በምን ልጠበው?»

የሺመቤት ውሃውን አስቀመጠችው። «አንቺም ትሰሚዋለሽ?»

«ሦስቴ ነው» አለች አሚራ፣ ሻርፑን እያየች።

ከዚያ በኋላ ነው ቀስ በቀስ የተናገረችው። ሌላ ቤት ማፈላለግ ከጀመረች ወር ሆኗታል፤ አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ጋ አንድ ክፍል አይታለች፤ እንዴት ብላ እንደምትነግራት ጨንቋት ነው የቆየችው። ውሻ ከገባ ግን ትቆያለች። ውሻ ቢያንስ የሚመጣው ምን እንደሆነ ይለያል አለች። የሺመቤት ከሱቁ ስትወጣ ስሌቷ ሁሉ ተገልብጦ ነበር። ውሻ ካስገባሁ ኪራዬን አጣለሁ ስትል፣ ለካ ኪራይዋን ሊወስድባት የነበረው ውሻው አይደለም። ፀሐዩ አናቷን እየመታት አንድ ሌላ ሐሳብ መጣ፤ ቀኑን ሙሉ ያልለቀቃት ያ ሐሳብ ነው። ውሻ ይለያል። ውሻ ሰው ያላየውን ያያል ይባላል። ከጮኸ፣ ሌባ ነው። ባይጮህስ? እንግዲህ እንጀራውን እንደምንም እችለዋለሁ፤ ያንን ማወቁን እችለዋለሁ ወይ ብላ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ባጃጅ ጡሩንባ ነፍቶ አባነናት።

ዶላሞን ያገኘችው ከዝንጅብል ሻጮቹ ተራ ነው። ከአሪ ተራራ በየቅዳሜው የሚወርድ፣ ጥርሱ የሳሳ፣ ዝንጀሮና ጃርት ከማሳው የሚያባርሩ ውሾች ያሉት ሽማግሌ ነው፤ ውሾቹ በከተማው የታወቁ ናቸው። መርሻን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ የበቆሎ ዘር ከእሱ መጋዘን ነበር የሚወስደው። እሷን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። የመርሻ ሚስት ነው የሚላት። ቡችላ እንደምትፈልግ ስትነግረው አንድ ወንድ ቀርቷል አለ፤ አጠገቡ ካለው ቅርጫት ውስጥ ቡኒ ጭንቅላት ብቅ አለ፣ አንድ ጆሮው ጫፉ ተቀንጥሷል። ስንት ነው ብላ ቦርሳዋን ብትከፍት እጇን መለሰው። ገንዘብ አይቀበልም። መጀመሪያ ቤት ያያል። ቀድሞ አንድ ሆቴል ያለው ሰው ወስዶበት ነበር። «ሰውዬው ሥጋ አለው፣ ትራፊ የለውም። ሁሉን ይሸጣል። ውሻዬ በሰንሰለት፣ በረሃብ ሞተ» አላት። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ይኸው ነው፦ ምሳ ከተበላ በኋላ ይመጣል፣ ከገበታው የተረፈውን ያያል፣ ትራፊ ካለ ይሰጣል፣ ከሌለ ቅርጫቱን ተሸክሞ ተራራውን ይወጣል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ አለ።

ቤቷ ገብታ ሽሮ ሠራች፣ ከላዩ ቃሪያ ሰንጥቃ ጣል አደረገች። በመንገዷ ሁሉ ለራሷ ስትነግር የመጣችው ከሰሃኔ እኩሌታውን አስተርፋለሁ እያለች ነበር። ግን የጧቱ ጉዞ አድክሟታል፣ ርቧታልም፣ ሐሳቧም በሩ ላይ ነው፤ እጇ የለመደውን ሠራ። ለመርሻ አቀረበች፣ ከደነች፣ ቡፌው ላይ አኖረች። የራሷን በላች። አንድ ጊዜ ቀና ስትል የራሷ ሰሃን እንደታጠበ ሆኖ ተጠርጓል። ድስቱንም እንደሁልጊዜው አሟጣለች። መሶቡ ውስጥ አንድ እንጀራ አለ፣ እሱ የነገ ነው። ሰዎች ስንት ዓይነት ስህተት ይሠራሉ፤ የድሃ ሰው ስህተት እንዲህ ያለ ነው፣ ማስተረፍ ሲፈልግ እንኳ እጁ አያውቅበትም። ሌላ ለመሥራት ስትነሳ ከውጭ የዶላሞ ዱላ በሩን ነካ።

ሽማግሌው ገባ። ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ፣ ቅርጫቱን እግሩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። ክፍሉን አላየም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የመርሻን ፎቶግራፍ ብቻ አየና ራሱን ነቀነቀለት። ውሃ ጠጣ። ስለ ዝንጅብል መርከስ ትንሽ አወራ። ከዚያ በሰው ቤት የማይባለውን፣ እሱ ግን እንደ ሥራው አድርጎ የሚለውን አለ፦

«ትራፊሽን አሳዪኝ።»

 የሺመቤት ከመርሻ ሰሃን ሌላ የላትም። ቡፌውን ከፍ ብላ አየችው፣ ዝቅ ብላ አየችው። ሰኞ ደላላው ይመጣል። ሄዳ ባለ ሰማያዊ ጠርዙን ሰሃን በሁለት እጇ አወረደችው፣ አምጥታም ፊቱ አኖረችው። ዶላሞ ክዳኑን አነሳ። እንጀራው እንደተጠቀለለ ነው፤ ሽሮው መሐሉ ላይ ክብ እንደሠራ ነው፤ ቃሪያው አልተነካም። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ክዳኑን መልሶ ደፋው።

«ይሄ ትራፊ አይደለም። ይሄ የሰው ድርሻ ነው። የማን ነው?»

«የመርሻ» አለች።

ዶላሞ አልሳቀም፣ አልደነገጠምም። ቀብሩ ላይ ቆሞ አፈር የመለሰ ሰው ነው። ፎቶግራፉን ደግሞ አየና፣ ስለ ዝናብ እንደሚጠይቅ ሰው በዚያው ድምፁ «ይመጣል?» አላት።

ውጭ ዶሮ ይጭራል። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። የሺመቤት የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ጠቀለለችው፣ ፈታችው። ለቀስተኛ ሁሉ ሲያስለቅሳት፣ ፍትሐቱ ሲደርስ፣ ተዝካሩ ሲወጣ፣ የጡረታው ወረቀት ላይ ስትፈርም እንኳ ይህችን አንዲት ቃል አፏ ብሏት አያውቅም። ሞተ ብላለች። ሞተ ማለትና ይህ ለየቅል ናቸው።

«አይመጣም» አለች።

«ካልመጣ ትራፊ ነው» አለ ዶላሞ። ቅርጫቱን ከፈተ። ቡችላው እየተንገዳገደ ወጣ፣ ወለሉን አሸተተ፣ ሰሃኑ ውስጥ አፍንጫውን ከተተ። ሁለቱ አዛውንቶች ቁጭ ብለው ሲበላ አዩት። ቃሪያውን ተወው፤ ሌላውን ሁሉ፣ የዳሩን ሽሮ ሳይቀር፣ ላሰው። ዶላሞ ሲነሳ አንድ እፍኝ ጨው ለመነ፤ በነፃ የተሰጠ ቡችላ እኔ ጋ ይመለሳል ብሎ ነው። ጨዉን በሙዝ ቅጠል ቋጠረችለት። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን መቀርቀሪያ በጣቱ ነካ አድርጎ አየው፣ ምንም ሳይል ሄደ።

አሚራ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባች። ቡችላው ሊያሸታት ሲመጣ ቀሚሷን ሰብስባ በጎን አለፈች፣ ግን ከበረንዳዋ ሆና ታየው ጀመር። የሺመቤት በርጩማዋን አውጥታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱም ለምን እንደተቀመጡ ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አላነሱትም። ስለ ገበያው ተጠያየቁ። ከነቴራው ለማን እንደሆነ፣ ከአራቱ ማን እንደከፈለ አሚራ ነገረቻት። ሰማዩ ከተራራው በኩል ጠቆረ። ከላይ የሚወርደው ብርድ መጣ፣ የግቢው ሽፈራው ዛፍ ቅጠል ተንቀሳቀሰ። ወሬው በራሱ ጊዜ አለቀ።

ቃ። ቃ። ቃ።

ቡችላው ተነሳ። ያልተቀነጠሰው ጆሮው ቆመ። የሺመቤት ጩኸቱን ጠበቀች፤ ጩህ፣ አንዴ ብቻ ጩህ አለች በልቧ። ቡችላው እየሮጠ ወደ በሩ ሄደ፣ ከቆርቆሮው ሥር አፍንጫውን አስገባና አሸተተ። ጭራው መወዛወዝ ጀመረ። ሰው ደጅ ላይ ቆይቶ እንደመጣለት፣ ወገቡ እስኪታጠፍ ድረስ ተወዛወዘ።

«አልጮኸም» አለች አሚራ። 

«እንጀራውን በልቶ እንዴት ይጮህበታል?» አለች የሺመቤት።

ጉልበቷን ደግፋ ተነሳች። በሩ ድረስ ያለው አሥር እርምጃ ነው። ቆርቆሮው ላይ፣ ልክ በዓይኗ ትይዩ፣ አንድ የምስማር ቀዳዳ አለ፤ ጎንበስ እንኳ ሳትል ውጭውን ማየት ትችል ነበር። አላየችም። ድንጋዩን በእግሯ ገፋች፣ በሩን ገጠመች፣ መቀርቀሪያውን ያዘች። ሁለት ዓመት የዛገ ብረት ነው፤ አልገባ ብሎ አጉረመረመ። በሁለት እጇ ገፋችውና ተሸጎረ። ከዚያ አንዴ ነቀነቀችው። ሁለቴ። ሦስቴ። ግንባሯን ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ አሳርፋ፣ አሚራ በማትሰማው ድምፅ፣ «ተቆልፏል መርሻ፤ አሁን እረፍ» አለች። ቡችላው እግሯ ሥር ሆኖ ጭራውን መወዛወዝ ቀስ በቀስ ተወ፤ አፍንጫውን ግን ከቆርቆሮው ሥር አላነሳም። አሚራ ምንጣፏን ዘረጋች።

ገብታ ጸሎት ጋ ደወለች። ውሻው ገብቷል፣ ደላላውን ተይው አለቻት። ጸሎት ደስ አላት፣ ስሙን ጠየቀች፣ ክትባቱን ጠየቀች፣ ብሩ ከየት ይመጣል ብላ ተጨነቀች፤ ምን አበላሽው አለች። የሺመቤት እንደሁልጊዜው በዳር ልታልፍ ነበር። አላለፈችም።

«የአባትሽን ድርሻ ሰጠሁት።»

 የሺመቤት ተቋረጠ ብላ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው። ከሐዋሳ በኩል የሕፃን ድምፅ፣ የሚፈስ ውሃ ተሰማ፤ ውሃው ተዘጋ። ከዚያ ጸሎት፣ ልጅ ሆና ትናገር በነበረበት ድምፅ፣ «አባዬ ሽሮ ላይ ቃሪያ ከሌለ አይበላም ነበር» አለች። አዎን፣ ውሻው ግን ቃሪያውን ትቶታል አለች እናትየው። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ መልኩን ለወጠና ስልኩን ይዘው ቆዩ፣ የአየር ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ።

ያን ማታ ቡፌው ላይ የተከደነ ሰሃን አልነበረም። ባለ ሰማያዊ ጠርዙ ሰሃን ለቡችላው ሆኖ ደጅ ቀረ። ለአሚራ ምንጣፍ ሲባል ከበረንዳው ራቅ ተደርጎ፣ ከበሩ አጠገብ ነው የተቀመጠው። ሌሊቱን መቀርቀሪያው ድምፅ አላሰማም።

ጧት የሺመቤት ስትነቃ ርቧታል። ተነስታ እንደልማዷ ወደ ቡፌው ሄደች፤ እጇ ባዶውን እንጨት ዳሰሰ።  ከዚያ እንጨት ለኩሳ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለራሷ ትኩስ ቁርስ ልትሠራ ጎንበስ አለች።